«ዶክተር ካዘዘ አበቃ» ይባላል፤ እውነታውስ?

እንደ ሆመቾ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሌሊቱን ከታካሚው አልጋ አጠገብ የምታነጋው ነርሷ ናት። ተረኛው ሐኪም ድንገተኛ ክፍል ተጠምዶ በስልክ ያዝዝ ይሆናል። ትእዛዙ አላምር ሲላት ታዲያ ምን ታድርግ? በዋርዱ የሚዘዋወሩት መልሶች አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው።

«ነርስ ፈጻሚ ብቻ ናት፤ ተጠያቂው ያዘዘው ነው።»

አይደለም። ነርስ የራሷ የሙያ ፈቃድ አላት፤ በእጇ ለሰጠችው መድኃኒት እሷም ትጠየቃለች። ማግኒዥየም ሰልፌትን እንይ። በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት የሚጥል ሕመም ለሚያሰጋት እናት በየ4 ሰዓቱ በመርፌ ይታዘዛል። ቀጣዩ ዶዝ ከመወጋቱ በፊት ግን ሦስት ነገር መታየት አለበት፦ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩ፣ ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ሲበዛ መጀመሪያ ሪፍሌክስን ያጠፋል፤ ከዚያ ትንፋሽን ያቆማል። ትንፋሿ 12 ሆኖ ሳለ «ታዟል» ብሎ መውጋት ታዛዥነት አይባልም። ዶዙን አቆይቶ መደወል ራሱ ሕክምና ነው።

«መጠየቅ ሐኪሙን መዳፈር ነው።»

ድፍረት የሚመስለው አነጋገሩ ሲበላሽ ነው። «ይሄ ኦርደር ልክ አይመስለኝም» ከተባለ ክርክሩ ሰውየው ላይ ይሆናል። ሁኔታውን፣ የኋላ ታሪኩን፣ ግምገማን፣ ከዚያ ጥያቄን ማስከተል ይሻላል። ይህ ቅደም ተከተል ከአሜሪካ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከበኞች ወደ ሆስፒታል የገባ ነው። በእኛው ምሳሌ፦ «ዶክተር፣ አልጋ 4 ያሉት እናት ትንፋሻቸው 12 ነው፤ ሪፍሌክስ የለም። ማግኒዥየም ከጀመሩ 8 ሰዓት ሆኗቸዋል። መመረዝ ይመስለኛል። ቀጣዩን ዶዝ አቆይቼዋለሁ፤ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔት አዘጋጅቻለሁ። አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ።» ይህን ሰምቶ የሚቆጣ ሐኪም ካለ ቁጣው የራሱ ጉዳይ ነው።

«አንዴ ከተናገርኩ ኃላፊነቴን ተወጥቻለሁ።»

እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ኢሌን ብሮሚሊ የተባለች እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ገብታ ማደንዘዣ ላይ አየር መተላለፊያዋ ተዘጋ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሲታገሉ አንዲት ነርስ ጉሮሮ ተከፍቶ አየር የሚሰጥበትን መሣሪያ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናገረች። ሰሚ አላገኘችም፤ ኢሌን ከቀናት በኋላ ሞተች። ስለዚህ ይደገማል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ካልሆነም ለማትሮኗ፣ ለሲኒየር ሐኪም፣ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ይደወላል። ከሆስፒታሉ አቅም በላይ ከሆነም ነርሷ ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍ ብላ መጠየቅ ትችላለች።

«ሐኪም የበለጠ ተምሯል፤ እኔ ምን አውቄ?»

ስለ በሽታው እሱ ይበልጥ ያውቅ ይሆናል። ግን ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ሐኪም የአካባቢውን ቋንቋ ሀዲይሳን ላይሰማ ይችላል፤ አስታማሚዋ በሀዲይሳ የነገረቻትን የሰማችው ነርሷ ናት።

«ከተናገርኩ እባረራለሁ።»

ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አልችልም። ቴክሳስ ውስጥ ከርሚት በምትባል ትንሽ ከተማ አን ሚቸልና ቪኪሊን ጋሌ የተባሉ ነርሶች ስለ አንድ ሐኪም አሠራር ስማቸውን ሳይገልጹ ለግዛቱ የሕክምና ቦርድ ጻፉ። የሐኪሙ ወዳጅ የነበረው ሸሪፍ ጸሐፊዎቹን አድኖ ደረሰባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሥራ ተባረው በወንጀል ተከሰሱ። የጋሌ ክስ ተነሣ፤ ሚቸልን ደግሞ ጁሪው በ2010 ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነጻ አወጣት። በኋላም ሁለቱ 750,000 ዶላር ካሳ አገኙ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ የመሥራትን አደጋ የሆመቾ ነርስ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ለዚህም ነው ቻርቱ ላይ የሚጻፈው ነገር ክብደት ያለው። «ዶክተሩ ቸልተኛ ነው» አይጻፍም። «ከሌሊቱ 8:10 ለተረኛ ሐኪም ተደወለ፤ ትንፋሽ 12፤ ዶዙ አልተሰጠም፤ 8:20 ድጋሚ ተደወለ፤ 8:25 ለማትሮን ተነገረ» ይጻፋል። ያው ነገር በሌሎች ታካሚዎችም ላይ ከተደጋገመና የሆስፒታሉ አመራር ዝም ካለ ጉዳዩ ወደ ጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከወሬ ይልቅ ይህ ጽሑፍ ይታያል።