ቍልፍን በብርሃን መላክ



በመርሳ ከተማ ማታ መብራቱን የሚያበራ ሰው ብርሃኑን ያያል እንጂ ከብርሃኑ በስተኋላ የሚመላለሰውን ትእዛዝ አያይም። ዳሩ ግን የኤሌክትሪክ ኃይል ከማመንጫው ተነሥቶ ወደየከተማው በደኅና የሚደርሰው፥ «ይህን መሥመር አገናኝ፥ ያንን ቍረጥ» የሚለው ትእዛዝ በጣቢያዎች መካከል በትክክል ሲተላለፍ ነው። ለዚሁም ተግባር በከፍተኛ ኃይል መሥመሮች ላይ ኦፕቲካል ፋይበር የተባለው ቀጭን የመስታወት ክር ይዘረጋል።

ጠላት ትእዛዙን አስመስሎ እንዳይልክ መልእክቱ በምሥጢር ቍልፍ ይዘጋል። እንግዲህ ቍልፉን ራሱን ሳይሰረቅ ማን ያደርሰዋል?

ለዚህ ጥያቄ ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1984 መልስ አቀረቡ። ዘዴው የኳንተም ቍልፍ ስርጭት ይባላል። ቍልፉ ፎቶን በተባሉ የብርሃን ቅንጣቶች ላይ ተጽፎ ይላካል። ያልታወቀ የፎቶን ጠባይ በትክክል ሊገለበጥ አይችልም፤ በመንገድ ላይ ሊያነበው የሚሞክርም ያበላሸዋል። ነገሩ በሰም እንደ ታተመ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙ ተሰብሮ ከተገኘ ቍልፉ ይጣላል፥ ምሥጢሩም ገና ስላልተላከ ጉዳት አይደርስም። በአሜሪካ አገር በቻተኑጋ ከተማ የኤሌክትሪክ መሥመር ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሞክሯል።

ይሁን እንጂ ብርሃኑ በሩቅ መንገድ ይደክማል። ከቤጂንግ እስከ ሻንግሃይ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚደርሰው የቻይና መሥመር፥ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ሲጀምር 32 ጣቢያዎች ነበሩት። ከደሴ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ እንኳ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ እንዲህ ያለ መሥመር ቢዘረጋ፥ በመርሳ አጠገብ አንድ መቀባበያ ጣቢያ ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ቍልፉ ተገልጦ ስለሚገኝ፥ ቤቱንና ጠባቂውን ማመን ግድ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በዩክሬን 225,000 ያህል ደንበኞች ለሰዓታት መብራት አጥተው ነበር። አጥቂዎቹ የገቡት ግን የመስታወቱን ክር ጠልፈው አይደለም፤ ለሠራተኞች በተላከ የተመረዘ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤና በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው። የኳንተም ቍልፍ ቢኖር ኖሮ ይህን በር አይዘጋውም ነበር።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ አዲሱ ጥበብ መንገዱን ይጠብቃል፤ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ያልታወቀ ደብዳቤ ከመክፈት በፊት ላኪውን መጠየቅና የይለፍ ቃልን ለባልንጀራ አለመስጠት፥ ፎቶን ሊፈጽመው የማይችል የእኛ ድርሻ ነው።