የተርብ ወገብ እና የድንጋይ ዕድሜ

ጎመን ቅጠል ላይ ተለጥፎ የሚበላውን ትል ሁሉ የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ልጅ አድርገን መቁጠር ለምዶብናል፡፡ ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም፡፡ ከእነዚህ ትሎች መካከል የንብ፣ የተርብና የጉንዳን የሥጋ ዘመድ የሆኑ አሉ፡፡ ልዩነቱን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ እግር መቁጠር ይበቃል፡፡ የቢራቢሮ ትል ከሦስቱ ጥንድ እውነተኛ እግሮቹ ኋላ፣ ሆዱ ላይ ያሉት ሥጋማ እግሮች ቢበዛ አምስት ጥንድ ናቸው፡፡ ስድስት ጥንድና ከዚያ በላይ ከቆጠራችሁ ግን የያዛችሁት የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው፡፡ ዓይኑም ይመሰክራል፤ የቢራቢሮ ትል በራሱ ግራና ቀኝ በርከት ያሉ ጥቃቅን ዓይኖች ሲኖሩት፣ ይኸኛው በየጎኑ አንድ አንድ ብቻ ነው ያለው፡፡

እናቱ በእንግሊዝኛ ‹‹ሶፍላይ›› ትባላለች፤ መጋዝ ያላት ዝንብ እንደማለት ነው፡፡ ዝንብ ግን አይደለችም፤ ዝንብ ሁለት ክንፍ ሲኖራት ይህችኛዋ አራት አላት፡፡ ስለዚህ እኔ ባለመጋዝ ተርብ ብላት ይሻላል፡፡ መጋዙ በሆዷ ጫፍ የተደበቀ፣ ጥርስ ያወጣ ቀጭን ስለት ነው፡፡ በእሱ ቅጠሉን ወይም ግንዱን ሰንጥቃ እንቁላሏን ትጥላለች፡፡ በንብና በብዙ ተርቦች ላይ ይኸው መሣሪያ በረጅም ዘመን ተለውጦ መንደፊያ ሆኗል፡፡

ባለመጋዟን ከሌሎቹ የሚለያት ትልቁ ምልክት ወገብ ነው፡፡ ተርብ፣ ንብና ጉንዳን ቀጭን ወገብ አላቸው፤ እሷ የላትም፡፡ ደረቷና ሆዷ በእኩል ውፍረት የተያያዙ ናቸው፡፡ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፡፡ የጉንዳን ወገብ ያለው በደረትና በሆድ መካከል ይመስለናል እንጂ እንደዚያ አይደለም፡፡ የመጀመሪያው የሆድ ክፍል ወደፊት ሄዶ ከደረት ጋር ተዋህዷል፤ ቀጭኑ ወገብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ሳይንቲስቶች ባለወገቦቹ ሁሉ ወገብ ከሌላቸው ጥንታውያን ዘመዶች ወጡ ሲሉ ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው፡፡

እንግዲህ ሕይወት ያለው ነፍሳት በእጅ ይዞ መለየት ቀላል ነው፡፡ ችግሩ የሚመጣው ነፍሳቱ ድንጋይ ሲሆን ነው፡፡ ትል በቀላሉ ይበሰብሳል፣ መጋዙም ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በጭቃ ውስጥ አሻራው የሚቀረው በአብዛኛው ክንፍ ነው፡፡ ስለዚህ የቅሪተ አካል ተመራማሪ የክንፍ ሥሮችን እንደ ካርታ ያነባል፡፡ ለምሳሌ ‹‹ዛይሊዴ›› የሚባለው እጅግ ጥንታዊው የባለመጋዝ ተርቦች ቤተሰብ የሚታወቀው በፊተኛው ክንፍ ላይ አንደኛው ዋና ሥር ለሁለት በመከፈሉ ነው፡፡ ሌሎቹ ይኸንን ቅርንጫፍ አጥተውታል፡፡ የዚህ ቤተሰብ አሻራዎች ከ220 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆናቸው ድንጋዮች ውስጥ ተገኝተዋል፡፡ በአፍሪካም በደቡብ አፍሪካ ሞልቴኖ በሚባለው የድንጋይ ንብርብር የተገኘ አንድ ቅሪት እ.ኤ.አ. በ2000 ‹‹ሞልቴኒያ ሪዬኪ›› ተብሎ ሲሰየም፣ የቤተሰቡ ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል፡፡ ያ ጥያቄ ምልክት የድክመት ምልክት አይደለም፤ ማስረጃው የደረሰበትን ልክ የሚናገር ነው፡፡

ወደ ሀገራችን ስንመጣ ታሪኩ በድንጋይ ሳይሆን በሙጫ ውስጥ ነው፡፡ በሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ አምበር ይገኛል፡፡ አምበር ማለት በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የጠጠረ የዛፍ ሙጫ ነው፤ ዕጣን ከዛፉ ሲንጠባጠብ ላየ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም፡፡ ሙጫው ሲፈስ ያገኘውን ነፍሳት ከነጠጉሩ ይዞ ይቀራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተለያዩ ሀገሮች የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ስለዚህ አምበር ባወጡት ጥናት ዕድሜውን 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አደረጉት፡፡ ዳይኖሰሮች ገና ያልጠፉበት ዘመን ነው፡፡ በውስጡ የተገኘችው ጉንዳንም ከዓለም ጥንታውያን ጉንዳኖች አንዷ ተባለች፤ የጉንዳን ዘር መነሻው ሰሜናዊው የዓለም ክፍል ነው የሚለውንም ሐሳብ አነጋጋሪ አደረገችው፡፡

ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በተለይ ጥንታዊ የአበባ ብናኝን መሠረት አድርገው የተሠሩ ጥናቶች አምበሩ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነው አመለከቱ፡፡ የጉንዳኗ አካል ቅንጣት አልተለወጠም፤ ትርጉሟ ግን ተገለበጠ፡፡ ከዓለም ጥንታውያን አንዷ የተባለችው ጉንዳን፣ ከዳይኖሰሮች ዘመን እጅግ ዘግይታ የኖረች ሆነች፡፡

በወገብ ብቻ መፍረድ አደገኛ መሆኑን ያሳየችውም የኢትዮጵያ አምበር ናት፡፡ በአንድ ቁራጭ ውስጥ 13 ጉንዳኖች ተገኙ፡፡ ሲታዩ ረጅሙ ወገባቸው ዛሬ በእስያ አንድ ዝርያ ብቻ የቀረለትን ቡድን ይመስላል፡፡ ቁራጩ ጀርመን፣ ሃምቡርግ ውስጥ በሚገኘው ዴዚ በተባለ የምርምር ማዕከል በኃይለኛ ኤክስሬይ ተነሥቶ ራስና መንጋጋው ሲመረመር ግን ሌላ ንዑስ ቤተሰብ ወጣ፤ አዳኞቹ ጉንዳኖች ዘንድ የሚመደብ አዲስ ወገን ሆነ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሙ ‹‹ዴዚዮፖኔ ሄሬዮን›› ተባለ፡፡ ዴዚም ሄሬዮንም የጀርመን ምርምር ተቋማት ናቸው፡፡ የእኛ ምድር ያፈራችው ጉንዳን የእነሱን ስም ይዛ ቀረች ማለት ነው፡፡ በዚህ አልከፋም፤ መሣሪያው የእነሱ ነው፡፡ ግን ስም የሚያወጣው መሣሪያውና ዕውቀቱ ያለው መሆኑን ልብ ልንል ይገባል፡፡

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድነው? እኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው ድርሻችን ማነጻጸሪያውን መጠበቅ ነው፡፡ ከዚሁ አምበር እ.ኤ.አ. በ2016 ‹‹ሜሊሶታርሰስ ኢትዮፒከስ›› የተባለች ጉንዳን ተሰይማለች፡፡ ወገኗን መለየት የተቻለው ዘመዶቿ ዛሬም በአፍሪካ ዛፎች ውስጥ ዋሻ ፈልፍለው ስለሚኖሩ ነው፡፡ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሙሽ ሸለቆ የተገኙት የ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅጠሎችም ነፍሳት የበሏቸውን ቦታ እስከዛሬ ያሳያሉ፤ ንክሻውን ማንበብ የሚቻለው ግን ዛሬ በሕይወት ያሉት በላተኞች እንዴት እንደሚበሉ ሲታወቅ ነው፡፡

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲኬድ፣ አዲስ ዘመን አጠገብ በተራራው ላይ የሚታየውን የጣራ ገዳምን ደን የማየው በዚህ ዓይን ነው፡፡ የፎገራ ሜዳ ከጥንት የግጦሽና የእርሻ ምድር ነው፤ አሁን ደግሞ ሩዝ በሰፊው ይመረትበታል፡፡ አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የቀረው ገዳሙ በጠበቀው ተራራ ላይ ነው፡፡ የአካባቢው አለት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ስለሆነ ነፍሳትን አያስቀርም፤ ቀልጦ የሚፈስ ድንጋይ ሁሉን ያቃጥላል፡፡ ደኑ ግን ሕያው መዝገበ ቃላት ነው፡፡ እዚያ በወይራው ቅጠል ላይ የሚኖር ነፍሳት ሳይመዘገብ ቢጠፋ፣ ነገ ከአምበር ውስጥ የሚወጣው ዘመዱ የሚነጻጸርበት አያገኝም፡፡

ሁለተኛው ድርሻችን የተገኘውን ከቦታው ጋር መጠበቅ ነው፡፡ ቅሪተ አካል ያለ አድራሻው ግማሽ ዋጋውን ያጣል፤ ከ95 ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ያደረሰን ክርክር የተፈታው አምበሩን ከተገኘበት ምድር ጋር በማገናዘብ ነውና፡፡ ገደል ውስጥ የቅጠል አሻራ ያለበት ድንጋይ ወይም ነፍሳት የያዘ ሙጫ ያየ ሰው ፎቶ አንሥቶ፣ ቦታውን በትክክል ጽፎ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቢያሳውቅ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፡፡ ለድንቅነሽ አጽም አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርተናል፤ ተመራማሪም እሷን ለማየት ወደ እኛ ይመጣል፡፡ ሚሊሜትር የምታህለው ጉንዳንም እንደዚያው ቤት ያሻታል፡፡