የጣና ዳር የእንግዳ ማዕድ፦ ጠጅ፣ ብርዝና የማር ዳቦ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ወደ ጣና ሐይቅ የሚመጣ እንግዳ በጀልባ ተሻግሮ ገዳማቱን ይጎበኛል፤ ቡናም ይጠጣል። የአካባቢውን ማር፣ ጌሾና ስንዴ ግን ብዙ ጊዜ ሳይቀምስ ይመለሳል። የሚቀርብለት የታሸገ ለስላሳና ከከተማ የመጣ ብስኩት ከሆነ፣ ከገንዘቡ ለገበሬው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነትና በግጭት ምክንያት የጎብኚው ቁጥር በብዙ ቀንሷል። ስለዚህ አንድ ማኅበር ኑሮውን በጎብኚ ብቻ ላይ መመሥረት አይገባውም። ከዚህ በታች የተገለጹት ምርቶች እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳ፣ እንግዳ ሲጠፋም ለሠርግና ለዓመት በዓል የሚሸጡ ናቸው።

ሀ. ምን ከየት ይገኛል?

በዘጌ ልማድ መሬት በበሬ አይታረስም። ነዋሪው በደኑ ውስጥ ቡናና ጌሾ ያለማል፤ እህል የሚያገኘው ከሌላ ቦታ ነው። ስንዴው ከደጋው፣ ማሩ ደግሞ ከጎጃም ደጋና ወይናደጋ ይመጣል። ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ማኅበር ብቻውን ማዕዱን ሊያሟላ አይችልም። የጌሾ፣ የማርና የስንዴ አምራች ማኅበራት አስቀድመው ውል ቢገቡ ሁሉም ይጠቀማሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የመጀመሪያ ተግባርም እነዚህን ማኅበራት ማገናኘት ነው።

ለ. ስኳር ለምን አይገባም?

ማር ሲወደድ አንዳንድ ጠጅ ጣዮች ግማሹን በስኳር ይተካሉ፤ ቢጫ ቀለምም ይጨምራሉ። ይህ ለጊዜው ወጪ የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን ስኳር የአካባቢውን አበባ ጣዕም አይሰጥም፤ የቀመሰውም ሰው ሁለተኛ አይመለስም። ከሁሉ በላይ፣ በስኳር በተተካው ልክ የንብ አናቢው ገበያ ይቀንሳል። ስኳር የገባበትን መጠጥ የማር ጠጅ ብሎ መሸጥም ገዢውን ማታለል ነው።

ማሩ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ዋና የመቁረጫ ወቅት ቢገዛ ይመረጣል። መቆረጥ ያለበት ንቦቹ አፉን በሰም የደፈኑት የማር እንጀራ ነው። ያልተደፈነው ውኃው ስለሚበዛ በዕቃው ውስጥ እንዳለ መብላላት ይጀምራል። የማር ውኃ ከመቶ 20 እጅ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ሐ. የጠጅ አጣጣል

1. ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠብ፤ ከደረቀም በኋላ በወይራ ይታጠን።

2. ለ1 ሊትር ማር (1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል) 4 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይደረግ። ጣፈጥ ያለ ጠጅ ከተፈለገ ውኃው ወደ 3 ሊትር ይቀነስ።

3. ማሩ በውኃው በደንብ ከተበረዘ በኋላ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቆይ። ከዚያም የተንሳፈፈው ሰፈፍና አረፋ ይገፈፍ።

4. 150 ግራም ያህል የታጠበና የተላጠ የጌሾ እንጨት ከብርዙ በተወሰደ ጥቂት ፈሳሽ ይቀቀል። ሲበርድ ከነፈሳሹ ወደ ጋኑ ይመለስ። ጌሾ ጠጁን መራራ ከማድረጉም ሌላ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ለመግታት ይረዳል።

5. በቀን አንድ ጊዜ ይማሰል። በቆላ 5 ቀን ያህል፣ በቀዝቃዛ አገር ደግሞ ከ15 እስከ 20 ቀን ድረስ ሊፈጅ ይችላል።

6. መፍላቱ ሲያበቃ በጨርቅ ይጣራ፤ እስከ አፉ በተሞላ ዕቃ ተገልብጦም በጥብቅ ይከደን።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር ስለ ማሩና ስለ ጌሾው መጠን በሰፊው መክሮ፣ ስለ አከዳደኑ ሳይናገር ቀረ። ጠጁ ተጣርቶ በግማሽ ጎደሎ ጋን፣ በላላ ጨርቅ ተሸፍኖ ሰነበተ። እንግዶቹ በመጡ ቀን ሆምጣጤ ሆኖ ስለተገኘ በሙሉ ተደፋ፤ የአባላቱም የማር ገንዘብ አብሮ ፈሰሰ። ጠጅን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡት ተሕዋስያን አየር ካላገኙ አይሠሩም። ጠጁ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ይከላከልለታል፤ መፍላቱ ካበቃ በኋላ ግን ከክዳኑ በቀር መከላከያ የለውም።

መ. ብርዝ

አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ብርዝ ይቅረብ። 1 እጅ ማር በ5 እጅ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበረዛል፤ በዚያው ቀንም ይጠጣል። ካደረ መፍላት ስለሚጀምር አልኮል የለውም ተብሎ ሊሰጥ አይገባም። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ጠጅ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ለወጣቶችም የሚቀርበው ብርዝ ነው።

ሠ. የማር ዳቦ

ይህ ዳቦ ቅቤም ወተትም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል። የሚያስፈልጉት፦

የስንዴ ዱቄት 1 ኪሎ
ለብ ያለ ውኃ 6 ዴሲሊትር ያህል
ማር 3 የሾርባ ማንኪያ
ደረቅ የፋብሪካ እርሾ 10 ግራም
ጨው 15 ግራም
ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ድንብላል አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ
የኮባ ቅጠል

ማሩና እርሾው በውኃው ይበጥበጡና 10 ደቂቃ ይቆዩ። ከዱቄቱ፣ ከጨውና ከቅመሙ ጋር እስኪለሰልስ ድረስ 15 ደቂቃ ይቦካ። ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ይበል፤ ይህም ከ1 እስከ 1½ ሰዓት ይወስዳል። ታጥቦ በእሳት በተለበለበ የኮባ ቅጠል ላይ ተደርጎ፣ ከላይም በቅጠል ተሸፍኖ፣ በድስት ወይም በምጣድ ይጋገር። ከሥር ለስላሳ እሳት፣ ከክዳኑ በላይም ጥቂት ፍም ይደረግ። ማር ቶሎ ስለሚያር እሳቱ እንዳይበረታ ያስፈልጋል። ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበቃዋል። በቀጭን ስንጥር ሲወጋ ሊጥ ካልያዘ በስሏል። ሳይበርድ ከተቆረጠ ውስጡ ይቦካል።

ረ. መዝገብ

ለእያንዳንዱ ጋን የማሩ ምንጭ፣ የተጣለበት ቀን፣ የማር፣ የውኃና የጌሾ መጠን፣ የማገዶና የጉልበት ወጪ ይመዝገብ። ይህ ከሌለ ዋጋ በግምት ይቆረጣል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የማሩንና የጌሾውን ቀበሌ ለእንግዳው መናገርም ለሽያጭ ይረዳል።

ማጠቃለያ

እንግዳ የሚመጣው በቤቱ የሌለውን ለመቅመስ ነው። ማሩ ንጹሕ፣ ጌሾው የታወቀ፣ ጋኑ የተከደነ ከሆነ አዲስ ፋብሪካ አያስፈልግም። ማኅበራት በመጀመሪያ በ5 ሊትር ሞክረው፣ ጠጁ ሳይሆመጥጥ መቆየቱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደ ጋን እንዲያሳድጉ እንመክራለን።