መልሕቅ የጣለች መርከብ

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም፥ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ መርከብ ሥራዋ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። አጎቴ በጭነት መርከብ ላይ ስለሚሠራ፥ ለጉለሌ ልጅ እንግዳ የሆነውን ኑሮ በመጠኑ ልግለጽ።

መርከብ ጅቡቲ ደርሳ የማራገፊያ ተራ እስክታገኝ ድረስ ከወደቡ ውጪ መልሕቋን ጥላ ትቆያለች። ብዙ ሰው የሚይዛት መልሕቁ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰንሰለቱ ከባሕሩ ጥልቀት ብዙ እጥፍ ረዝሞ ስለሚለቀቅ፥ በባሕሩ ወለል ላይ የተጋደመው ክብደቱም መልሕቁ እንዳይነቀል ይረዳል። ነፋስ በዞረ ቍጥር መርከቧ አብራ ትዞራለች፤ ጧት በመስኮት የታየው ተራራ ማታ በወዲያኛው በኩል ይገኛል። መልሕቁ ቢንሸራተት ከጎረቤት መርከብ ጋር ልትላተም ስለምትችል፥ መኰንኖቹ በየ4 ሰዓቱ እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት ይጠብቃሉ። ታዲያ ይህ ዕረፍት ነውን?

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ውሃ ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለበት አይጠጣም። መርከቧ ስትጓዝ በትልቁ ሞተር ሙቀት የባሕሩን ውሃ አትንና እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ንጹሕ ውሃ ታገኛለች። ስትቆም ሞተሩ ስለሚጠፋ፥ በወደብ አጠገብ ያለውም ውሃ ስለሚያድፍ፥ ብዙውን ጊዜ በማጠራቀሚያው ያለው በቍጠባ ይሠራበታል። በዚያ ሐሩር ሰውነትን መታጠብ እንኳ በልክ ነው። እኛ በፈረቃ ውሃ የምንጠብቀው የጉለሌ ሰዎች ይህን ሳንረዳ አንቀርም።

የብሱ በዓይን እየታየ ያለ ፈቃድ መውረድ አይቻልም። ደግነቱ የስልክ መስመር ከዚያ ይደርሳል። አጎቴ በደወለ ጊዜ አያቴ ስለ ማዕበሉ አትጠይቀውም፤ «ውሃ አላችሁ ወይ?» ትለዋለች።