ሁለት ጠብታ አንቲቦዲ እና ያገለገለ መኪና

ኢኮኖሚክስ ስማር ከልቤ የወደድኩት ጽሑፍ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስላገለገሉ መኪኖች የጻፈው ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ካቃተው ደህናውም ብልሹውም በአንድ ዋጋ ይሸጣል፣ ቀስ በቀስም ደህናው ከገበያ ይወጣል። ሰሞኑን ይኸንኑ ገበያ ያላሰብኩት ቦታ አገኘሁት፦ ቤተ ሙከራ ውስጥ።

ስቴፈን ሆኪንግ ለአሥርት ዓመታት አብሮት የኖረውን በሽታ፣ ኤ ኤል ኤስን አስቡ። በአብዛኞቹ ታማሚዎች የነርቭ ሴሎች ውስጥ ቲ ዲ ፒ 43 የሚባል ፕሮቲን ተዛብቶ ይገኛል። ጤነኛ ሴል ላይ ዋና ቦታው ኒውክለስ ነው፤ እዚያ ሆኖ አር ኤን ኤ ላይ ይጣበቅና የቱ ቁራጭ እንደሚወጣ፣ የቱ እንደሚቀጠል ይቆጣጠራል። ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ሰው በሉት። በታማሚዎቹ ግን ከኒውክለሱ ወጥቶ ውጭ ይጓጉላል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ችግሩ፣ ፕሮቲኑን ለማየት አንቲቦዲ ያስፈልጋል። ተመራማሪው 100 ማይክሮሊትር፣ ሁለት ጠብታ ቢሆን ነው፣ በጥቂት መቶ ዶላር ከኩባንያ ይገዛል። አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን ላይ ቢጣበቅስ? ማይክሮስኮፑ ላይ ያው ያበራል! ፎቶው ያምራል፣ ጥናቱም ይታተማል።

ማጣሪያ ግን አለ። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን የጠፋበት ወይም የተዳከመበት ሴል ላይ መሞከር ነው። ፕሮቲኑ ሳይኖር ምልክቱ ከታየ አንቲቦዲው ዋሽቷል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሞንትሪያል ከሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተነሣ ቡድን ውጤቱን አወጣ፦ ከነርቭ ጋር የተያያዙ 65 ፕሮቲኖችን ይለያሉ የተባሉ 614 አንቲቦዲዎች ተፈትነው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በአንዱ አጠቃቀም ወደቁ። ለአንድ ፕሮቲን በአማካይ 12 ያህል የታተሙ ጥናቶች የወደቀ አንቲቦዲ ተጠቅመው ተገኙ። ስንት ዓመት፣ ስንት የታማሚ ተስፋ!

እኔን የገረመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው አንቲቦዲ ለፈተናው ሰጥተው ነበር፤ ከወደቁት 20 በመቶ ያህሉን ከገበያ አነሡ፣ 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ የአጠቃቀም ምክራቸውን ቀየሩ። ሻጭ የሚታረመው ገዢው የሚያውቀውን ሲያውቅ ነው ማለት ነው። በእኔ እምነት የፈተናውን ወጪም መሸፈን ያለበት ሻጩ ነው።

ውጤቶቹ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አሉ። እዚህ አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆናችሁ በስንት ጣር በተገኘ ዶላር የምታዝዙ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የምትገዙትን አንቲቦዲ ቁጥር እዚያ ፈልጉ።