ምዕራፍ ስድስት፦ የሴት ልብስ የት ይቆያል?

እ.ኤ.አ. በ1972 በቻይና ሁናን ግዛት፣ በቻንግሻ ከተማ አጠገብ፣ ማዋንግዱይ በሚባል ቦታ አንድ ጥንታዊ መቃብር ተከፈተ። የተቀበሩት የዳይ መስፍን ባለቤት ወይዘሮ ሺን ዡይ ናቸው፤ የሞቱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ነው። አስከሬናቸው ሃያ ያህል ልብስና ጨርቅ ተደራርቦበት፣ በሐር ጥብጣብ ታስሮ ተገኘ። ቆዳቸው አልደረቀም፤ መገጣጠሚያቸውም ይታጠፍ ነበር። በሬሳ ሣጥኑ ዙሪያ ባሉት ክፍሎች ደግሞ ቀሚሶች፣ ጓንቶች፣ ካልሲዎችና ጫማዎች ተቀምጠው ነበር። ከቀሚሶቹ አንዱ ርዝመቱ 128 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ሲመዘን 49 ግራም ብቻ ሆነ። እጅጌው ረጅም፣ ሙሉ የሐር ቀሚስ ነው፤ ክብደቱ ግን ከአንድ እንቁላል አይበልጥም።

ይህ ምዕራፍ አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። እንዲህ ያለ ልብስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንዴት ቆየ? የእኛ አገር ሴቶች ልብስስ የት አለ? መልሱን ፍለጋ ከቻንግሻ ተነሥተን፣ በአክሱም፣ በጣና ደሴትና በመቅደላ አልፈን፣ መንዝ መሐል ሜዳ እንደርሳለን።

አፈር የሚበላውና የሚያቆየው

ጨርቅን የሚያጠፉት ዋና ጠላቶች አራት ናቸው፤ አየር፣ እርጥበት፣ ብርሃንና ነፍሳት። እርጥበት ሲመላለስ፣ ማለትም ሲረጥብና ሲደርቅ፣ ጥፋቱ ይብሳል። የማዋንግዱይ መቃብር አራቱንም ከለከለ። ጉድጓዱ 16 ሜትር ያህል ይጠልቃል። አስከሬኑ እርስ በርስ በተሰካኩ አራት ሣጥኖች ውስጥ ነበር። የሣጥኖቹ ዙሪያ በከሰል ተሞላ፤ ከከሰሉ ላይ ደግሞ ነጭ ጭቃ ተደልድሎ ተጠቀጠቀ። ከሰሉ እርጥበቱን ሲመጥ፣ ጭቃው አየር አላስገባ አለ። ባክቴሪያው የሚተነፍሰው ባጣ ጊዜ መበስበሱ ቆመ።

ከ1,400 ዓመት በኋላ የኖረች ሌላ ወጣት ሴትም እንዲሁ ተገኝታለች። ሁዋንግ ሼንግ ትባላለች፤ ከንጉሣዊ ቤተሰብ የተወለደ ባል አግብታ በ1243 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሞተች። መቃብሯ እ.ኤ.አ. በ1975 ፉጆ ከተማ ላይ ሲከፈት ከ300 የሚበልጡ ልብሶችና ጨርቆች ወጡ። በዘመኑ አንዲት የባለጸጋ ልጅ ስታገባ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚሰጣት ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ከእሷ ሣጥን ነው።

መቃብር መክፈት ግን ሁልጊዜ ማዳን አይደለም። ቤጂንግ አጠገብ ያለው የዋንሊ ንጉሥና የሁለት እቴጌዎቹ መቃብር፣ ዲንግሊንግ፣ ቁፋሮው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከውስጡ የወጣው ሐር ብዙ ነበር። የዚያን ጊዜው ጥበቃ ግን አልተዘጋጀበትም፤ ጨርቁ ከአየር ጋር ሲገናኝ ጠነከረ፣ ጠቆረ፣ ተሰባበረ። ለዘመናት ጨለማ ያቆየውን ብርሃንና አየር በአጭር ጊዜ ጨረሱት። የቻይና ሊቃውንት ከዚህ የተማሩት ትምህርት ከባድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የንጉሠ ነገሥታትን መቃብር ለመክፈት አይቸኩሉም።

የአክሱሟ ሴት

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁኔታው ይለያል። አክሱም ላይ የተገኘ መቃብር እ.ኤ.አ. በ2015 ለዓለም ተገለጠ። እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ሉዊዝ ሾፊልድ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ቁፋሮ፣ በ1ኛውና በ2ኛው መቶ ዓመት መካከል የኖረች ሴት በጎኗ ተኝታ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ተገኘች። ፊት ለፊቷ የሮም የነሐስ መስታወት ነበር፤ ኩል መቀቢያ ማንኪያም አብሮ ተቀብሯል። በአንገቷ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶቃዎች ያሉበት ድሪ፣ በወገቧም የዶቃ መታጠቂያ ነበር።

ቀሚሷ ግን የለም። መታጠቂያው ወገቧ ላይ ቀርቷል፤ የታጠቀችበት ጨርቅ ወደ አፈር ተመልሷል። ጥጥ የተክል ውጤት ስለሆነ በእርጥብና በአሲዳማ አፈር ቶሎ ይበሰብሳል። ሐርና ሱፍ ከእንስሳ ስለሚገኙ አሲድን ከጥጥ ይሻላሉ፤ እነሱም ግን የክረምት ዝናብ በየዓመቱ በሚያርሰውና በጋ በሚያደርቀው አፈር ውስጥ ብዙ አይዘልቁም። አርኪዮሎጂስቱ ታዲያ ልብሱን የሚገምተው ዶቃው ከተደረደረበት ቦታ ነው። ዶቃው ባለበት ጨርቁ እንዴት ይወርድ እንደነበር፣ ምን እንደሚታሰር፣ ምን እንደሚከፈት ከቦታው ይነበባል።

ከክርስትና በኋላ ደግሞ ሥርዓታችን ራሱ ልብስን ከመቃብር አራቀ። ሬሳ ታጥቦ በነጭ ጨርቅ ይገነዛል፤ ጌጥ አይከተለውም። የሟቿ ልብስ ለልጅ፣ ለዘመድ ወይም ለነዳያን ይሰጣል። ስለዚህ የመንዝን ወይም የጎንደርን ወይዘሮ ቀሚስ ከመቃብር መጠበቅ የለብንም። መፈለግ ያለብን ከሕያዋን እጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ከዕቃ ቤት ነው።

ግድግዳውና ሐሩ

ከጣና ደሴቶች በአንዱ፣ በደቅ ላይ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። ከሥዕሎቹ በአንዱ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ሠዓሊው የልብሳቸውን ጌጥ ሳያሳልፍ ነው የሣለው። እንዲህ ያለ ሥዕል ለልብስ ታሪክ ዋና ምስክር ነው፤ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ሠዓሊ አክባሪም ነውና የሚያምረውን መርጦ ይሥላል።

ሌላው ምስክር ሐሩ ራሱ ነው። በጎንደር ዘመን የተሠሩ፣ ከውጭ በመጣ የሐር ክር በጥንቃቄ የተሸመኑ፣ ከ5 ሜትር የሚረዝሙ ትልልቅ መጋረጃዎች ዛሬ በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየምና በካናዳ የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ውስጥ አሉ። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ጨርቅ ላይ አጼ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እንደሚታዩ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። በዚያ ዘመን የነበረ ሸማኔ የሰዎቹን አለባበስ በክር ጽፎ አስቀመጠልን ማለት ነው።

የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ

አሁን ወደ አንድ ቀሚስ ቀረብ እንበል። በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አንድ የጥጥ ቀሚስ አለ። የተሠራው በ1860ዎቹ ነው፤ በሐር ክር የተጠለፈ ነው። ባለቤቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የአጼ ቴዎድሮስ ባለቤትና የልዑል ዓለማየሁ እናት፣ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው።

የእንግሊዝ ጦር መቅደላን የያዘው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ነው። እቴጌይቱ ልጃቸውን ይዘው ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመሙ፤ በግንቦት 15 አረፉ። የተቀበሩት በትግራይ ጨለቆት ሥላሴ ነው። ቀሚሳቸው ግን ከመቅደላ ከተዘረፈው ጋር ባሕር ተሻገረ፤ በ1869 ሙዚየሙ ገባ። የአንዲት ሴት አካል ጨለቆት አርፎ ልብሷ ለንደን ቆመ። የቆየውም በደረቅና በጨለማ ክፍል፣ በባለሙያ እጅ ስለተጠበቀ ነው፤ ይህን መናገር ዘረፋውን አያጸድቅም።

ቀሚሱ ራሱ ብዙ ይነግረናል። ጥጡ የአገራችን ሥራ ነው፤ ሐሩ ከውጭ የመጣ ነው። ሴቶች የፈተሉት ባዘቶ፣ ወንዶች የሸመኑት ጨርቅና የጠላፊው እጅ በአንድ ልብስ ላይ ተገናኝተዋል። በሕይወት ሳሉ የለበሱት ሰው ማንነት ስለሚታወቅና ዓመቱም የተቆረጠ ስለሆነ ሌሎች የዘመኑ ቀሚሶች የሚመዘኑት በእሱ ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018 መቅደላ የተያዘችበትን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ከሌሎች ቅርሶች ጋር አሳይቶታል። ያኔም ቅርሶቹን በረጅም ጊዜ ውሰት ለኢትዮጵያ መስጠት እንደሚቻል ኃላፊው ተናገሩ። የኢትዮጵያ ጥያቄ ግን መመለስ ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነው። የእቴጌይቱ ቀሚስ ሴቶቻችን በወረሱት ሙያ የተሠራ ነውና፣ ሙያው ዛሬም ባለበት ምድር ሊታይ ይገባዋል።

መሐል ሜዳ፦ ያልተዘጋ ዕቃ ቤት

ወደ መንዝ እንምጣ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውርጩ ከባድ ነው። በቆላ የሚበቅለው ጥጥ ለዚህ ብርድ አይበቃም። የመንዝ በግ ጠጉር ግን ይበቃል። ባና፣ ዝተትና በርኖስ የዚህ ደጋ መታወቂያ የሆኑት ለዚህ ነው።

ሥራውን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ብዙ ይማራል። ጠጉሩ ከተሸለተ በኋላ ይታጠባል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያ የሴቶች እጅ ይረከበዋል። ሴትዮዋ በግራ እጇ የተነደፈውን ይዛ በቀኟ እንዝርቱን ታሾራለች። ክሩ ሲቀጥን ጣቷ ይሰማዋል፤ ሲወፍርም እንዲሁ፤ ዐይኗ ግን ከሰው ጋር ጨዋታ ላይ ነው። ከዚያ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን ይወረውራል። በእነዚህ እጆች ውስጥ ያለው ዕውቀት ከየትኛውም መቃብር ሊወጣ አይችልም፤ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ይጠፋል። የፋብሪካ ብርድ ልብስና ልባሽ ጨርቅ በገበያው እየበዛ በሄደ ቁጥር መተላለፉ ይዳከማል።

ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ዛሬ ሊሠራው የሚችለው ሥራ አለ። አያታችሁ የለበሱት ቀሚስ፣ መቀነት ወይም ባና ቤት ካለ፦

- በሳሙና አትጠቡት፤ አቧራውን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ።
- ደጋግማችሁ አትጠፉት፤ እጥፋቱ ላይ ጨርቁ ይበጠሳልና በታጠበ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልሉት።
- ፀሐይ በማይነካው፣ ጭስና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሱፍ ከሆነ ብል እንዳይገባው በየጊዜው እዩት።
- ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው፣ ማን ለበሰው፣ ለምን በዓል፣ በየትኛው ዓመት፤ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት።

ከአራቱ የመጨረሻው ይበልጣል። የወይዘሮ ሺን ዡይ ልብስ ታሪክ የሆነው ስማቸው አብሮ ስለተገኘ ነው፤ የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስም መለኪያ የሆነው ባለቤቱ ስለታወቀ ነው። ስም የሌለው ጨርቅ ምንም ቢያምር ጨርቅ ብቻ ነው። የመንዝ ሴቶች ልብስ ታሪክ የሚጻፈው ከቁፋሮ አይደለም፤ ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ በሕይወት ሳሉ ቀርቦ ከሚጠይቃቸው ሰው ነው።