የዕቃ ንድፍና የአገር ገቢ

ንድፍ ለብዙዎቻችን በዕቃው ላይ በመጨረሻ የሚጨመር ጌጥ ይመስለናል፤ ስለዚህም ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዘው የእርሱ ወጪ ነው። ነገር ግን ንድፍ ዕቃው እንዴት እንደሚያዝ፥ እንደሚከፈትና እንደሚጫን አስቀድሞ የማሰብ ሥራ ስለ ሆነ፥ ለአገር ሀብት የሚሰጠውን ጥቅም ከጃፓን ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ወደ ውጭ የምትልከው ብዙው ዕቃ፥ ቅርጹ ከሌሎች አገሮች ፋብሪካ የተቀዳ ነው እየተባለ ብርቱ ወቀሳ ይደርስበት ነበር። ስለዚህ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ1957 መልካም ንድፍ ላላቸው ዕቃዎች «ጂ» የተባለውን ምልክት መስጠት ጀመረ፤ በ1959ም ወደ ውጭ የሚላኩ ዕቃዎችን ንድፍ የሚመለከት ሕግ ወጣ።

ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ የምታስረዳው ግን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ናት። ኪኮማን የተባለው ኩባንያ የአኩሪ አተር ማጣፈጫውን በትልልቅ ጠርሙስ ይሸጥ ስለ ነበር፥ የቤት እመቤቶች ለገበታ ወደ ትንሽ ዕቃ እየገለበጡ ያቀርቡት ነበር። ኬንጂ ኤኩዋን ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ቀይ ክዳኑ ሁለት አፍ አለው፤ በአንዱ ፈሳሹ ሲወርድ በሌላው አየር ይገባል። አፉም ጠብታ በጠርሙሱ ላይ እንዳይወርድ ሆኖ ተቈርጧል። ማጣፈጫው ያው የቀድሞው ነበር፤ ሆኖም በዚህች ጠርሙስ በብዙ አገሮች ገበታ ላይ ተቀመጠ። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን ፋብሪካ ከፈተ።

ይህን ስጽፍ በመዝገባችን ያለ አንድ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። በውጭ አገር ያለ ደንበኛ ማራችንን ካመሰገነ በኋላ፥ ክዳኑ በጉዞ ላልቶ ማሩ ስለ ፈሰሰ ሁለተኛ እንዳንልክለት ጽፎ ነበር። መልሱን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ የማቀርበው ምክንያት ግን አላገኘሁም። የተሻለው ክዳን ዋጋ በዛ ተብሎ የቀረው በእኛው ቤት ነበርና።

በአገራችን አዲስ ቅርጽ ያወጣ ሰው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ጥበቃ ያገኛል። ጥበቃው በመጀመሪያ ለ5 ዓመት ሲሆን፥ ሁለት ጊዜ ለየ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ለመመዝገብ ቅርጹ አዲስ መሆን ስላለበት፥ ዕቃው ገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ ማመልከት ይበጃል።